አንድ ቁጥር፣ ሁለት ፍርድ፦ ያልተለመዱ ደብል ፕሌዮች በቤዝቦል መዝገብ

መግቢያ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 1985 በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም የቺካጎ ዋይት ሶክስ ቀላቢ ካርልተን ፊስክ ወደ ሆም ቤዝ ተከታትለው የሮጡ ሁለት የያንኪስ ተጫዋቾችን፣ ቦቢ ሚቻምንና ዴል ቤራን፣ አንዱን ከሌላው ቀጥሎ በያዘው ኳስ ነክቶ አስወጣቸው። ኳሱን የመታው ሪኪ ሄንደርሰን ነበር። ከሜዳው ጥልቅ ክፍል ኳሱን ያነሣው የመሐል ሜዳው ሉዊስ ሳላዛር ሲሆን፣ ተቀብሎ ወደ ሆም የወረወረው ሾርትስቶፑ ኦዚ ጊዬን ነው።

ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 13 ቀን 2025፣ የሚልዋኪ ብሪወርስ ቡድን በሜዳው ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር በናሽናል ሊግ የፍጻሜ ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታ ተገናኘ። በአራተኛው ኢኒንግ ማክስ መንሲ የመታው ኳስ 404 ጫማ፣ ማለትም 123 ሜትር ያህል የሚገመት ርቀት በረረ። የመሐል ሜዳው ሳል ፍሬሊክ ለሾርትስቶፑ ጆይ ኦርቲዝ፣ ኦርቲዝም ለቀላቢው ዊልያም ኮንትሬራስ ወረወሩ፤ ሁለት የዶጀርስ ሯጮችም ወጡ።

በመዝገብ ላይ ሁለቱም ክንውኖች በአንድ ዓይነት ምልክት ይጻፋሉ፦ 8-6-2። የመቺዎቹ ዕጣ ግን የተለያየ ነው። ለሄንደርሰን የተሳካ ምት ተመዘገበለት። በመንሲ ላይ ደግሞ “መሬት ለመሬት መትቶ ደብል ፕሌይ አስከተለ” የሚል ተመዘገበበት፤ ያውም ኳሱ የሜዳውን አጥር ጫፍ የነካ ሆኖ ሳለ። ይህ ጽሑፍ አንድ ምልክት ሁለት ተቃራኒ ፍርዶችን ሊይዝ የቻለበትን ምክንያት፣ ያልተለመዱ ደብል ፕሌዮች የሚመዘገቡበትን ሥርዓት፣ እንዲሁም መዝገቡን እንደ ጥናት መረጃ የሚጠቀም ሰው ሊያደርገው የሚገባውን ጥንቃቄ ያብራራል።

የቁጥሮቹ ትርጉም

የቤዝቦል መዝገብ አጻጻፍ በአብዛኛው የሚያያዘው ከሄንሪ ቻድዊክ ስም ጋር ነው። ቻድዊክ እ.ኤ.አ. በ1824 በእንግሊዝ አገር ኤክሰተር ከተማ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ ጋዜጠኛ ነበር። በክሪኬት የውጤት ሠንጠረዥ መነሻነት በ1859 ያዘጋጀው የጨዋታ ሠንጠረዥ ለኋለኞቹ አርአያ ሆኗል። ዓላማው በስፍራው ያልነበረ ሰው በሜዳው የሆነውን ከወረቀት ላይ ማንበብ እንዲችል ነበር።

ዛሬ በሥራ ላይ ባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ተከላካይ በስሙ ሳይሆን በቦታው ቁጥር ይጠራል። ወርዋሪው 1፣ ቀላቢው 2፣ የመጀመሪያ ቤዝ ጠባቂው 3፣ የሁለተኛው 4፣ የሦስተኛው 5 ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆመው ሾርትስቶፕ 6 ይባላል። በሩቁ ሜዳ የሚቆሙት የግራው 7፣ የመሐሉ 8፣ የቀኙ 9 ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች በተጫዋቹ መለያ ልብስ ላይ ከሚታየው ቁጥር ጋር ግንኙነት የላቸውም።

አንድ አጥቂ ሲወጣ ኳሱ የተላለፈባቸው እጆች በቅደም ተከተል ይጻፋሉ። የመጨረሻውን ድርጊት ለፈጸመው ተከላካይ “ማስወጣት” ይመዘገብለታል፤ ኳሱን ወርውሮ ወይም አቅጣጫውን አስለውጦ ለዚያ ያበቃው ደግሞ “እገዛ” ይመዘገብለታል። ስለዚህ 6-3 ማለት ሾርትስቶፑ ወረወረ፣ የመጀመሪያ ቤዝ ጠባቂው ተቀብሎ አስወጣ ማለት ነው።

ደብል ፕሌይ በሕጉ አነጋገር ባልተቋረጠ አንድ የጨዋታ እንቅስቃሴ ሁለት አጥቂዎች የሚወጡበት ክንውን ነው፤ በሁለቱ መውጣቶች መካከል የተከላካይ ስሕተት ከገባ ግን ደብል ፕሌይ አይባልም። የተለመደው መልክ 6-4-3 ነው። በመጀመሪያው ቤዝ ሯጭ እያለ መቺው ኳሱን መሬት ለመሬት ወደ ሾርትስቶፑ ይልካል። ኳሱ በሁለተኛው ቤዝ በኩል አልፎ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ይደርሳል፤ ሁለቱም አጥቂዎች ይወጣሉ። በዚህ በተለመደው ክንውን ምልክቱና ታሪኩ ይገጣጠማሉ። ልዩነቱ የሚወለደው ክንውኑ ከተለመደው ሲወጣ ነው።

የመውጣት ምክንያት

በቤዝቦል ኳስ ሲመታ አጥቂ የሚወጣባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ኳሱ መሬት ሳይነካ መቀለቡ ነው፤ ያን ጊዜ መቺው ወዲያውኑ ይወጣል። ቤዙን ለቆ የነበረ ሯጭም ተመልሶ ሳይረግጥ ኳሱ ከቀደመው ይወጣል። ሁለተኛው የግዴታ ማስወጣት ነው። መቺው ሯጭ ሲሆን ከፊቱ ያሉት ተከታታይ ሯጮች ቤዛቸውን ለመልቀቅ ይገደዳሉ፤ ስለዚህ ተከላካዩ ኳሱን ይዞ የሚሄዱበትን ቤዝ ቀድሞ መርገጡ ብቻ ይበቃል፤ ሯጩን መንካት አያስፈልገውም። ሦስተኛው በኳስ መንካት ሲሆን፣ ግዴታ የሌለበት ሯጭ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው።

የቁጥሩ ሰንሰለት ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱንም አይናገርም። ለዚህ ከ6-3 የተሻለ ምሳሌ የለም። ቀላሉና በየጨዋታው የሚታየው 6-3 የአንድ መቺ መውጣት ብቻ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ቤዝ ሯጭ እያለ ሾርትስቶፑ መሬት ለመሬት የመጣን ኳስ ይዞ ራሱ ሁለተኛውን ቤዝ ቢረግጥና ወደ መጀመሪያው ቢወረውር፣ ይህም 6-3 ደብል ፕሌይ ነው። እንደገና፣ ቀጥ ብሎ የበረረን ኳስ መሬት ሳይነካ ቢቀልብና ከመጀመሪያው ቤዝ የራቀውን ሯጭ ለማስወጣት ወደዚያው ቢወረውር፣ ይህም 6-3 ደብል ፕሌይ ነው።

በሁለተኛው ሁኔታ የወጡት ሁለቱም በግዴታ ነው፤ በመቺው ላይም የመሬት ምት ደብል ፕሌይ ይመዘገብበታል። በሦስተኛው ግን መቺው የወጣው ኳሱ ስለተቀለበ ነው፤ ሯጩ ደግሞ በራሱ ጥንቃቄ ማጣት ወጣ። ስለዚህ መቺው አንድ ጊዜ ከመውጣቱ በቀር የሚመዘገብበት ተጨማሪ ነገር የለም። አማርኛ “ተመዘገበለት” እና “ተመዘገበበት” ብሎ በአንዲት ፊደል የሚለየውን የቤዝቦል ቁጥር በራሱ አይለየውም።

ቅደም ተከተል ሲገለበጥ

የመጀመሪያ ቤዝ ጠባቂው የሚጀምራቸው ደብል ፕሌዮች ጉዳዩን ይበልጥ ያጠሩታል። በመጀመሪያው ቤዝ ሯጭ እያለ 3 ቁጥር ኳሱን መሬት ለመሬት ተቀብሎ መጀመሪያ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ቢወረውርና ኳሱ ወደ እርሱ ቢመለስ 3-6-3 ይሆናል። ሁለቱም የግዴታ ማስወጣቶች ናቸው። ነገር ግን መጀመሪያ የራሱን ቤዝ ረግጦ መቺውን ካስወጣ በኋላ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ቢወረውር፣ ሯጩን ከኋላው የሚገፋው መቺ ስለሌለ ግዴታው ይነሣል። ሾርትስቶፑ ሯጩን በኳስ መንካት አለበት። ይህ 3-6 ተብሎ ሲጻፍ በሕጉ “የተገለበጠ የግዴታ ደብል ፕሌይ” ይባላል።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። አንድ አጥቂ አስቀድሞ ወጥቶ ሳለ በመጀመሪያውና በሦስተኛው ቤዝ ሯጮች አሉ እንበል። በ3-6-3 ኢኒንጉ የሚዘጋው መቺው የመጀመሪያውን ቤዝ ሳይደርስ ስለሆነ ከሦስተኛው ቤዝ የሮጠው ተጫዋች ሆምን ቢረግጥም ነጥቡ አይቆጠርም። በ3-6 ግን ሦስተኛው ወጪ የወጣው በመነካት ነው፤ ስለዚህ ሯጩ ከመነካቱ በፊት ሆም ተረግጦ ከሆነ ነጥቡ ይጸድቃል። የአንድ ጨዋታ ውጤት የመጀመሪያ ቤዝ ጠባቂው እግሩን ያሳረፈበትን ቅጽበት ተከትሎ ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው።

ነጥቡ ቢጸድቅም ለመቺው “ያስገባው ነጥብ” ተብሎ አይቆጠርለትም። የመዝገብ አያያዝ ሕጉ የግዴታም ሆነ የተገለበጠ የግዴታ ደብል ፕሌይ ያስከተለ የመሬት ምት ለመቺው ነጥብ አስገቢነትን እንደማያስገኝ በግልጽ ይደነግጋል። ቡድኑ ነጥብ አገኘ፤ መቺው ግን አላገኘም። ውጤትና ምስጋና ተለያዩ።

ሁለቱ 8-6-2

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። በ1985 ሄንደርሰን የመታው ኳስ አልተቀለበም፤ እርሱም የመጀመሪያውን ቤዝ በሰላም ደረሰ። ሚቻምና ቤራ ወደ ሆም የሮጡት ተገድደው ሳይሆን ነጥብ ለማግኘት ነው። ቀላቢው ሁለቱንም መንካት የነበረበት በዚህ ምክንያት ነው። የመቺው ድርሻ የተፈጸመው ቤዙን ሲረግጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሆነው የሯጮቹ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ደብል ፕሌዩ ለተከላካዮቹ ሲመዘገብ የተሳካው ምትም ለመቺው ተመዘገበ። ተመሳሳይ ክንውን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 4 ቀን 2006 በኒው ዮርክ ሜትስና በዶጀርስ ጨዋታ ታይቷል። ራስል ማርቲን በመታው ኳስ ጄፍ ኬንትና ጄ. ዲ. ድሩ በሆም ቤዝ ተከታትለው በፖል ሎ ዱካ ተነኩ። ክንውኑ 9-4-2 ተብሎ ተመዘገበ፤ ለማርቲን ግን የተሳካ ምት ነበር።

የ2025ቱ በውስጡ ሌላ ነው። ሦስቱም ቤዞች በሯጭ ተይዘው ነበር። ፍሬሊክ ከአጥሩ ሥር ዘልሎ ኳሱ ጓንቱን ነካ፣ ከዚያም የአጥሩን ጫፍ መታ፣ ተመልሶም እጁ ላይ ወደቀ። ለተመልካች የተቀለበ ይመስላል። በሕጉ ግን ከአጥር ጋር የተነካካ ኳስ “ተቀለበ” አይባልም። ዳኛው ያልተቀለበ መሆኑን ምልክት ቢሰጥም ሯጮቹ የተቀለበ መስሏቸው አመነቱ፤ በሦስተኛው ቤዝ የነበረው ቴኦስካር ሄርናንዴዝም ወደ ቤዙ ተመልሶ እንደገና ተነሣ። ኳሱ ካልተቀለበ መቺው ሯጭ ሆኗል፤ መቺው ሯጭ ከሆነ ደግሞ ሦስቱም ሯጮች ተገድደዋል። ኮንትሬራስ የኦርቲዝን ውርወራ ሲቀበል እግሩ ሆም ላይ ስለነበር ሄርናንዴዝ ሳይነካ ወጣ። ከዚያም ቀላቢው ራሱ ወደ ሦስተኛው ቤዝ ሄዶ ረገጠው፤ ከሁለተኛው መነሣት የነበረበት ዊል ስሚዝም ወጣ። ሁለቱም የግዴታ ማስወጣቶች ሆኑ፤ ኢኒንጉም ተዘጋ።

ከዚህ በኋላ መዝጋቢው የሚመርጠው ነገር የለውም። ሕጉ ከፊት ያለ ሯጭ በግዴታ የወጣበትን ምት የተሳካ ምት አድርጎ መቁጠርን ይከለክላል። ሁለቱም መውጣቶች በግዴታ ከሆኑና ኳሱ ካልተቀለበ ደግሞ ምቱ የሚገባበት ክፍል የመሬት ምት ደብል ፕሌይ ነው። “የመሬት ምት” የሚለው ስም የተሰጠው እንዲህ ያለ ክንውን አብዛኛውን ጊዜ መሬት ለመሬት በሄደ ኳስ ስለሚመጣ ነው። ስሙ የኳሱን ጉዞ የሚገልጽ ቢመስልም ምደባው የቆመው በመውጣቱ ዓይነት ላይ ነው። ቃሉ ከድርጊቱ ሲጣላ ያሸነፈው ምደባው ነው።

ዶጀርስ ያን ጨዋታ 2 ለ 1 አሸነፉ፤ ስለዚህ ክንውኑ ውጤቱን አልገለበጠም። መንሲን የሚመለከተው ቁጥር ግን በቦታው ቆየ። መዝገቡን ብቻ የሚያነብ የነገ ተመራማሪ ያ ኳስ ከመቺው እግር ሥር ተንከባልሎ የቀረ አድርጎ ቢያስበው የሚያርመው ነገር በዚያ ዓምድ ውስጥ አያገኝም።

ኳሱ ሲቀለብ

የተቀለበ ኳስ የሚያስከትለው ደብል ፕሌይ ሰንሰለቱ ምንም ያህል ቢያስደንቅ መቺውን አይከስስም። ኦክቶበር 9 ቀን 2023 የአትላንታ ብሬቭስ ከፊላደልፊያ ፊሊስ ጋር ያደረጉት ጨዋታ የተዘጋው በ8-5-3 ነበር። ኒክ ካስቴያኖስ የመታውን ረጅም ኳስ ማይክል ሃሪስ በአጥሩ አጠገብ ቀለበ። ኳሱ ይሻገራል ብሎ ሁለተኛውን ቤዝ አልፎ የነበረው ብራይስ ሃርፐር ወደ መጀመሪያው መመለስ ነበረበት። የሃሪስ ውርወራ ሊቀበሉት የቆሙትን አልፎ ሲንከባለል የሦስተኛ ቤዝ ጠባቂው ኦስቲን ራይሊ ከቦታው ርቆ መጥቶ አነሣው፤ ለማት ኦልሰንም ወረወረ። ሃርፐር ወጣ፤ አትላንታ 5 ለ 4 አሸነፈ። በሰንሰለቱ ውስጥ ያለው 5 እንግዳ የሚመስለው ቦታው ከመጀመሪያው ቤዝ በተቃራኒ ጫፍ ስለሆነ ነው። ያቺ አንዲት ቁጥር የተጫዋቹን ንቃት ትናገራለች፤ የውርወራውን ማለፍ ግን አትናገርም።

ኳስ ሳይመታም ደብል ፕሌይ ይኖራል። መቺው በሦስተኛው ስትራይክ ሲወጣ በዚያው ቅጽበት ቤዝ ለመስረቅ የሮጠው ተጫዋች በቀላቢው ውርወራ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቢነካ ክንውኑ 2-6 ወይም 2-4 ተብሎ ይጻፋል። ቀላቢው ከስትራይኩ ማስወጣት፣ ከውርወራው እገዛ ይመዘገብለታል። ይህም ደብል ፕሌይ ነው፤ የመሬት ምት ደብል ፕሌይ ግን አይደለም።

በዳኛ ቃል የሚፈጸም ደብል ፕሌይ

ከሁሉ የሚያስቸግሩት ኳሱ ሳይደርስ በውሳኔ የሚፈጸሙት ናቸው። ከእነዚህ የአንዱ ታሪክ የሰው አካል ጉዳት አለበት። ኦክቶበር 10 ቀን 2015 የዶጀርሱ ቼስ አትሊ ደብል ፕሌይ ለማሰናከል ወደ ሁለተኛው ቤዝ ሲንሸራተት የሜትሱን ሾርትስቶፕ ሩቤን ቴሃዳን መታው፤ የቴሃዳ የእግር አጥንትም ተሰበረ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2016፣ አዲስ ድንጋጌ ተግባራዊ ሆነ። በዚህ ድንጋጌ መሠረት ሯጩ ቤዙ ጋር ሳይደርስ መንሸራተት መጀመር፣ ቤዙን ለመያዝና እዚያው ለመቆየት መሞከር፣ ተከላካዩን ለመንካት ሲል አቅጣጫውን አለመለወጥ ይጠበቅበታል። ይህን ጥሶ ተከላካዩን ካደናቀፈ ሯጩም መቺውም ይወጣሉ።

መዝጋቢው እንግዲህ ያልተፈጸመን ነገር መጻፍ ይኖርበታል። ሕጉ ከፊት ያለ ሯጭ በፈጸመው ማደናቀፍ የወጣን መቺ የማስወጣት ድርሻ ለመጀመሪያ ቤዝ ጠባቂው ይሰጣል። ስለዚህ ኳሱ 3 ቁጥር ጋር ፈጽሞ ባይደርስም ሰንሰለቱ በ3 ያልቃል። በመቺው ላይ ግን የመሬት ምት ደብል ፕሌይ እንዳይመዘገብበት የሕጉ ማብራሪያ ያዛል። ጥፋቱ የሯጩ ስለሆነ መቺው በሌላ ሰው ጥፋት አይጠየቅም። እንግዲህ በወረቀት ላይ ከተለመደው 6-4-3 ጋር አንድ የሚመስል ክንውን በመቺው ዓምድ ላይ ምንም አይጨምርም።

ተመሳሳይ “የተሰጠ” ማስወጣት በሌላም ቦታ አለ። ከሁለት አጥቂዎች ያነሱ ወጥተው ሳለ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቤዝ፣ ወይም በሦስቱም፣ ሯጮች ካሉ፣ በቅርብ ሜዳ በቀላሉ ሊቀለብ የሚችል ወደ ላይ የተመታ ኳስ ገና በአየር ላይ እያለ መቺው በዳኛው ቃል ይወጣል። ይህ ድንጋጌ ከ1890ዎቹ ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ ተከላካይ ሆን ብሎ ኳሱን እየጣለ በተንኰል ሁለት ሯጭ እንዳያስወጣ የተደነገገ ነው። ኳሱ በእርግጥ ቢወድቅ ማስወጣቱ የሚመዘገበው መዝጋቢው “ሊቀልበው ይችል ነበር” ብሎ ለሚያምንበት ተከላካይ ነው። ከዚያ በኋላ ደፍሮ የሮጠ ተጫዋች ቢነካ ደብል ፕሌይ ይሆናል። የመጀመሪያው ቁጥር እዚህ የሚያመለክተው የተፈጸመን ሳይሆን የተገመተን ድርጊት ነው።

ያልተፈጸመ ደብል ፕሌይ

ያልሆነውም ሕግ አለው። መዝጋቢዎች “ደብል ፕሌይ አይገመትም” በሚል መርሕ ይመራሉ። ሁለተኛ ቤዝ ላይ አንዱን ያስወጣ ተከላካይ ወደ መጀመሪያው የወረወረው ቢስትበት፣ ሯጮቹ በዚህ ሳቢያ ተጨማሪ ቤዝ እስካላገኙ ድረስ ስሕተት አይመዘገብበትም። ሁለተኛውን ማስወጣት እንደ ጉርሻ እንጂ እንደ ግዴታ አይታይም። ነገር ግን ውርወራው ትክክል ሆኖ ተቀባዩ ከጓንቱ ቢጥለው ስሕተቱ በተቀባዩ ላይ ይመዘገባል፤ ለወርዋሪው ተከላካይም እገዛ ይቆጠርለታል።

ይህ ልዩነት ጥቃቅን ቢመስልም ውጤቱ ለወርዋሪው ይተርፋል። በኋላ የሚገባ ነጥብ በወርዋሪው ጥፋት ይቆጠር ወይስ በተከላካዮቹ የሚለው የሚወሰነው ስሕተት ተመዝግቧል ወይስ አልተመዘገበም በሚለው ነው። የወርዋሪዎች አቅም ከሚለካባቸው ዋና ዋና አኃዞች አንዱ በዚህ ላይ የቆመ ስለሆነ የመዝጋቢው አንድ ቃል በሰው ሙያ ላይ ክብደት አለው። ተጫዋቾችና ቡድኖች በመዝጋቢው ግምታዊ ውሳኔ ላይ የክለሳ ጥያቄ ማቅረብ የሚችሉትም ለዚህ ነው።

ለተመራማሪ የሚሆን ጥንቃቄ

ከላይ ከተዘረዘሩት ሦስት ተግባራዊ መደምደሚያዎች ይወጣሉ። የመጀመሪያው በተከላካይ ቡድን ስም የተቆጠሩ ደብል ፕሌዮችና በመቺዎች ላይ የተቆጠሩ የመሬት ምት ደብል ፕሌዮች አንድ ዓይነት መረጃ አለመሆናቸው ነው። የፊተኛው በቀለባ፣ በስትራይክ፣ በመንካትና በዳኛ ውሳኔ የተፈጸሙትን ሁሉ ያካትታል፤ የኋለኛው የግዴታንና የተገለበጠ የግዴታን ብቻ። አንዱን በሌላው ተክቶ የሚያሰላ ጥናት ከመነሻው የተዛባ ይሆናል።

ሁለተኛው የዘመን ወሰን ነው። በመቺዎች ላይ የመሬት ምት ደብል ፕሌይ በይፋ መቆጠር የጀመረው በናሽናል ሊግ በ1933፣ በአሜሪካን ሊግ በ1939 ነው። የቀደሙት መቺዎች ዓምድ ይፋዊ አኃዝ የሌለው መሆኑ እነርሱ ደብል ፕሌይ አላስከተሉም ማለት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ያለውም ቢሆን ትርጓሜ ይሻል። በሥራ ዘመኑ ከሁሉ የበለጠ የተመዘገበበት አልበርት ፑሆልስ ሲሆን ቁጥሩ 426 ነው። በአንድ ወቅት ከፍተኛው ደግሞ ጂም ራይስ በ1984 የተመዘገበበት 36 ነው። ሁለቱም በዘመናቸው ከኃያላን መቺዎች መካከል ነበሩ። ከፊቱ ሯጭ ባለበት ደጋግሞ የሚመታ፣ ኳሱንም በኃይል የሚልክ ሰው ለደብል ፕሌይ የሚጋለጥበት ዕድል ይሰፋል። ስለዚህ ድምሩ ከዕድሉ ብዛት ጋር ሳይነጻጸር የድክመት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው የአጻጻፉን ጉድለት የሚሞላ ስልት መኖሩ ነው። በ1989 በዴቪድ ስሚዝ የተመሠረተው ሬትሮሺት የተባለ ድርጅት የቀድሞ ጨዋታዎችን ዝርዝር ክንውን እየሰበሰበ በኮምፒውተር ሊነበብ በሚችል መልክ ያስቀምጣል። በእርሱ አጻጻፍ ከእያንዳንዱ ማስወጣት በኋላ የወጣው ሯጭ የተነሣበት ቤዝ በቅንፍ ይገባል። የተለመደው 6-4-3 በዚህ ስልት 64(1)3 ይሆናል፦ ከመጀመሪያው ቤዝ የተነሣው በ4 ቁጥር፣ መቺው በ3 ቁጥር ወጡ ማለት ነው። ኳሱ የተንከባለለ ወይም የበረረ መሆኑም በተጨማሪ ምልክት ይለያል። በዚሁ መንገድ የ2025ቱ ክንውን 862(3)2(2) ተብሎ ቢጻፍ ቀላቢው ሁለት ጊዜ ማስወጣቱና ከሦስተኛውና ከሁለተኛው ቤዝ የተነሡት መውጣታቸው ወዲያው ይታያል። በ1985ቱ ጽሑፍ ደግሞ መቺው በመጀመሪያው ቤዝ መቆየቱ ይነበባል። 8-6-2 አንድ ያደረጋቸውን ቅንፉ ይለያቸዋል።

ማጠቃለያ

አንድ ደብል ፕሌይ በተሟላ ሁኔታ ተመዘገበ የሚባለው ሦስት ጥያቄዎችን ሲመልስ ነው፦ ኳሱን እነማን ነኩት፣ እያንዳንዱ አጥቂ በምን ምክንያት ወጣ፣ ለማን ምን ይቆጠርለታል፣ በማንስ ላይ ምን ይቆጠርበታል። በተለመደው ክንውን የመጀመሪያው መልስ ሁለቱን ሌሎች ይዞ ስለሚመጣ ልማዱ ሰንሰለቱን ብቻ መጻፍ ሆኗል። ያልተለመደው ክንውን ግን ሦስቱን ይነጣጥላቸዋል፤ ከአጥር የተመለሰ ኳስ የመሬት ምት ይባላል፣ ያልደረሰ ኳስ እንደ ደረሰ ይጻፋል፣ ሁለት ሯጮች የወጡበት ምት የተሳካ ምት ይሆናል። እነዚህ ክንውኖች ጥቂት ቢሆኑም ጥቅማቸው ብዙ ነው፤ የመዝገቡ ምልክት የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስና የትኛውን እንደማይመልስ የሚያሳዩት እነርሱ ናቸውና። የሄንደርሰንና የመንሲ 8-6-2 ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚያስተምሩት ይኸንኑ ነው።